የዳቦ ቆሎ ሳህንና «በቃኝ» ባዩ እንግዳ፦ አጭር ጥናት

ለገና እንግዳ ስለሚቀርቡ ጥቃቅን ምግቦች የተደረገው ምርምር ለዶሮ ወጥ ከተሰጠው ክብር ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። ዶሮዋ 12 ብልት አላት፤ የትኛው ለማን እንደሚደርስም ይታወቃል። የዳቦ ቆሎን ፍሬ ግን የቆጠረ የለም። የዚህ ጥናት ክርክርም ይኸው ነው፦ ዳቦ ቆሎ የተፈጠረው እንዳይቆጠር ነው።

በቅድሚያ የምደባ ችግር ይገጥመናል። ዳቦ እንዳንለው እርሾ አልነካውም፤ ቆሎ እንዳንለው ማሳ አያውቀውም። የሁለት ዘመድ ስም ይዞ ከሁለቱም ርስት ያላገኘ ምግብ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው ይባላል። እንዲህ የሚሉት ቆርጠው የማያውቁ ናቸው። የስንዴ ዱቄት በጨው፣ በጥቂት ስኳር፣ በበርበሬና በዘይት ጠንከር ተደርጎ ይታሻል። ሊጡ በመዳፍ እየተሽከረከረ እንደ ገመድ ይረዝማል፣ ሽንብራ እያከለ ይቆረጣል፣ ከዚያ ምጣድ ላይ ይታመሳል ወይም በዘይት ይጠበሳል። አንድ ሜትር ገመድ በየሴንቲ ሜትሩ ሲቆረጥ 100 ፍሬ ይወጣዋል፤ ቢላው የሚያርፈው ግን 99 ጊዜ ብቻ ነው። ከየሜትሩ አንድ ምት ይተርፋል ማለት ነው። ይህን ግኝት ለእናቴ ሳበስራት ቢላውን አቀበለችኝ።

የቅባቱ ምርጫ ሌላ ምዕራፍ ነው። ዳቦ ቆሎ ለሳምንታት ስለማይበላሽ (የመንገደኛና የወታደር ስንቅ የሆነው በዚህ ነው) ከበዓሉ ቀደም ብሎ፣ ገና በጾሙ ወራት ይሰናዳል። በዘይት የታሸው የጾም ነውና ልጆች ያለ ኃጢአት ይቀምሱታል፤ «ቀመስን» ባሉ በሳምንቱ የጣሳው ታች ይታያል። በቅቤ የታሸው ግን ከኅዳር 15 የጀመረው ጾም እስኪፈታ ማንም አይነካውም። እኛ ቤት ቅቤ የሚገባው ለጣዕም መስሎኝ ነበር። ለጥበቃ ኖሯል።

አሁን ወደ እንግዳው እንመለስ። ከረከቦቱ አጠገብ በተቀመጠች አንዲት በርጩማ ላይ ሆኜ ለዓመታት ታዝቤያለሁ። እንግዳው ገብቶ «እንኳን አደረሳችሁ» ብሎ እንደተቀመጠ ከቤቱ በልቶ መውጣቱን ያስታውቃል። «በሞቴ!» ይባላል። «እንግዲያስ አንድ ብቻ» ይላል። እዚህ ላይ ልብ ይባል፦ በዳቦ ቆሎ ሳህን ዙሪያ «አንድ» ፍሬን አይለካም፤ ጭብጥን ነው። ድፎ ዳቦ ቢሆን ሁለተኛ ቁራሽ ያነሳ ሰው ይታያል፣ ይታወሳል፣ ለሚቀጥለው ገናም ይነሣል። የዳቦ ቆሎው እንግዳ ግን ስለ ጤፍ ዋጋ እያወራ፣ ዐይኑን ከሰው ፊት ሳይነቅል፣ እጁን ብቻ ያመላልሳል። አቦል ላይ ሳህኑ ቁልል ነው። ቶና ላይ ይጎድላል። በረካ ላይ ከሳህኑ ግርጌ ያለው ጽጌረዳ ብቅ ይላል፤ እንግዳውም «ኧረ ምንም አልበላሁም» እያለ ይነሣል። አልዋሸም። ምን ያህል እንደበላ ማንም ሊያስረዳ አይችልም።

መላምቱን የሚፈታተን አንድ ነገር አለ፤ ሲቆረጠም ይሰማል። ጨዋታው ጸጥ ባለ ጊዜ ሁሉ ሒሳቡ ለጆሮ ይደርሳል። ሆኖም ልምድ ያላቸው እንግዶች ፍሬውን በምላሳቸው ላይ አቆይተው፣ አንድ ጉንጭ ቡና ሰደው ካለሰለሱት በኋላ ሲያኝኩ አስተውያለሁ። ይህ ዘዴ ጥርስ ለሌላቸው አዛውንት የተፈቀደ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ጎልማሳ ሲጠቀምበት ማየት ግን ያሳዝናል።

ጥናቱን መድገም የሚሻ ተመራማሪ ካለ በራችን ክፍት ነው። ገና ታኅሣሥ 29 ነው፣ በዘመነ ዮሐንስ 28። ቁረጣው ግን ከሳምንት በፊት ስለሚጀመር ቀደም ብለው ይምጡ፤ ቢላም ይያዙ።