ኬክ ነው

ዲላ ላይ እንግዳ መቀበል ከባድ አይደለም፤ ጣጣው የሚመጣው በማግስቱ ጠዋት ነው። ማታ የደረሰ ሰው ደክሞታል። ከአዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዟል፣ የሻሸመኔን ግርግር አልፏል፣ ከሐዋሳ ወዲህ ደግሞ ተሳፋሪው «ሹፌር፣ አናናስ!» እያለ መኪና ባስቆመ ቁጥር አብሮ ቆሟል። የሰጡትን በልቶ ይተኛል። ጠዋት 1 ሰዓት ሲሆን ግን ፊቱን ታጥቦ፣ ፀጉሩን አበጥሮ ብቅ ይልና ያችን ጥያቄ ያመጣታል፤ «እሺ፣ ቁርስ የት ነው የምንበላው?»

ባለፈው የመጣብኝ ወዳጄ ከሌሎቹም የባሰ ነበር፤ አንብቦ ነው የመጣው። የጌዴኦ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት መመዝገቡን ያውቃል። ትልልቁ ዛፍ እንሰቱን እንደሚያጠላ፣ ቡናው ከእነሱ ሥር ተጠልሎ እንደሚያድግ፣ የጨልባ ቱቲቲና የቱቱ ፈላ ትክል ድንጋዮች የት እንዳሉ ሳይቀር ይዘረዝርልኛል። «እንሰት የጌዴኦ ዋና ምግብ ነው አይደል?» አለኝ። «ታዲያስ!» አልኩት ደረቴን ነፋ አድርጌ። ከዚያ ፉል ላበላው ይዤው ወጣሁ።

የወሰድኩት ዋናው አስፋልት ዳር ካለ ካፌ ነው። ስሙን አልናገርም፤ ከጎኑ ያሉትም ያው እሱኑ ስለሆኑ ብናገርም አይጠቅማችሁም። ለምን እዚያ እንደምወስድ እስከዚያ ቀን ራሴን ጠይቄ አላውቅም ነበር። ፉሉ ከሌላው ቤት አይበልጥም። መስታወቱ ግን ሰፊ ነው። ውስጥ የተቀመጠ ሰው ከውጭ ወለል ብሎ ይታያል፤ የሚያልፈውም ባለ ባጃጅ ሳይቀር እጁን አንሥቶ ሰላም ይላል። ቁርስ ቤት የምንመርጠው በምላስ ይመስለናል እንጂ መራጩ ዓይን ነው፤ ያውም የሰው ዓይን።

አስተናጋጇ መጣች። ወዳጄ ፕላስቲክ የለበሰውን ሜኑ ከዳር እስከ ዳር አንብቦ ቀና አለ።

«የኔ እህት፣ ምን አለ?»

«ሁሉም አለ።»

«ጨጨብሳ?»

«አልቋል።»

«ገንፎ?»

«ዛሬ አልተሠራም።»

«እሺ፣ ቆጮ?»

ልጅቷ መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥሎ እኔን አየች። እኔን ያየችኝ «ይሄን ከየት አመጣኸው?» በሚል አስተያየት ነው። «ቆጮ ለምሳ ነው፤ ያውም ክትፎ ሲኖር» አለችው። ግራ የቀኙ ጓሮ እንሰት በሆነበት አገር፣ ቆጮ ጠረጴዛ ላይ ለመቅረብ ክትፎ የሚባል ዋስ ያስፈልገዋል ማለት ነው።

ፉሉ መጣ። እኔ ያዘዝኩት ስፔሻል ነው። ስፔሻል ማለት ምን እንደሆነ ላልገባው፣ ተራው ፉል ላይ እንቁላል ሲቀመጥበት ስፔሻል ይባላል። በጾም ቀን እንቁላሉ ይወርድና አቮካዶ ይወጣበታል፤ ዋጋው ግን አንዴ ከወጣበት አይወርድም። ዕለቱ ረቡዕ ነበርና ወዳጄ የጾሙን ወሰደ። የከተማው ሕዝብ አብዛኛው ፕሮቴስታንት ስለሆነ፣ እንደ አዲስ አበባው ረቡዕ ሲሆን ወጥ ቤቱ በሙሉ ወደ ሽሮ አይዞርም፤ አስተናጋጇ ፊት ፊቱን አይታ «የጾም ነው የፍስክ?» ብላ ትጠይቃለች። ወዳጄ «ቆጮ ቅቤ ካልነካው እኮ የጾም ነው» ሲል አሁንም ወደ ቆጮው ተመለሰ። ዳቦውን አቀበልኩት።

ከዚያ ወደ ቡናው መጣን። እዚህ ላይ ነው ያፈርኩት። ለነገሩ ያፈርኩት ዘግይቼ ነው፤ ሳዝዝስ በኩራት ነው ያዘዝኩት። «ለእኔ ስፕሪስ።» ስፕሪስ ግማሹ ቡና ግማሹ ሻይ ነው። የተጣሉ ሰዎችን በአንድ ብርጭቆ ማስታረቅ ይመስላል። አጠገባችን የተቀመጡት ሰውዬ ማኪያቶ፣ ከእሳቸው ወዲያ ያሉት ወጣቶች ሻይ በሎሚ። ወናጎ እዚሁ ደጃችን፣ ይርጋጨፌና ኮቸሬ ከዚህ ትንሽ ወረድ ብለው፣ እኛ ሻይ በሎሚ።

ለዚህ ቡና ስም እኮ መንግሥት እስከ አሜሪካ ተሟግቷል። ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚባሉትን ስሞች በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ በተደረገው ክርክር ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ላይ የተደረሰው በ1999 ዓ.ም. ነበር። ባሕር ማዶ ያለ ካፌ ዛሬ ይርጋጨፌን ሲሸጥ የጃስሚን መዓዛ፣ የሎሚ ቃና እያለ በካርድ ጽፎ፣ የታጠበበትን ጣቢያ ስምና ከፍታውን ጨምሮ ነው። የእኛ ካፌ ሜኑ ላይ የተጻፈው «ቡና» ብቻ ነው። ወዳጄ አስተናጋጇን «ቡናው ከየት ነው?» ብሎ ጠየቃት። «ከማሽኑ» አለችው። አልዋሸችም።

በእርግጥ ጥፋቱ የእሷ አይደለም። ለውጭ ገበያ የሚመጥነውን ቡና አገር ውስጥ መሸጥ ለብዙ ዓመታት በሕግ የተከለከለ ነበር፤ ዛሬም ጥቅምት ሲገባ ቀይ እሸቱ ተለቅሞ፣ ተፈልፍሎ፣ ታጥቦ፣ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ይሄዳል፤ እዚህ የሚቀረው የቀረው ነው። ይህን ለወዳጄ በቁጭት ሳስረዳ ስፕሪሴን እያማሰልኩ ነበር።

ከመስታወቱ ባሻገር፣ ሃያ እርምጃ በማይሞላ ቦታ፣ አንዲት ሴት በትንሽ ዣንጥላ ሥር ረከቦታቸውን ዘርግተው ቄጤማ ጎዝጉዘዋል። ጀበናው ይተናል። ዙሪያውን ዱካ ላይ የተቀመጡት ሠራተኞች የተቀቀለ ቦሎቄ እየቃሙ ይሳሳቃሉ። ወዳጄ አንገቱን አስግጎ ያያቸዋል። «እዚያ ብንሄድስ?» አለ። «ቁርሳችንን በልተን» አልኩት። ሲቆይ ነው የታወቀኝ፤ እዚያ የተቀመጡት ሰዎችም ቁርስ ላይ ነበሩ። በእኛ ቋንቋ እኮ ቡና ራሱ ቁርስ አለው፤ ቆሎው፣ ቦሎቄው፣ ንፍሮው የቡና ቁርስ ነው። ቃሉም ከመቁረስ የመጣ ነው፤ ቁራሽ ከሚባለው ጋር ወንድማማች ነው። በሹካና በቢላ የሚቆራረጥ ኦምሌት በቋንቋ ሕግ ቁርስ መባሉ ያጠራጥራል።

በሁለተኛው ቀን ስለ በላነው የሆቴል ቁርስ ብዙ የምለው የለኝም። ወርክሾፕ ነበር። ባንገታቸው መታወቂያ ያንጠለጠሉ ሰዎች ሳህን ይዘው ተሰልፈው፣ ጃምና የኦቾሎኒ ቅቤ ዳቦ ላይ እየቀቡ ስለ አገር በቀል ምግብ ጥቅም ሲወያዩ አገኘናቸው። ባነሩ ላይ የእንሰት ፎቶ ነበር። እንሰቱ በጣም ያምር ነበር።

ከሆቴሉ ስንወጣ ወዳጄ፣ ቁርስ የት እንደሚጣፍጥ ለማወቅ ከባድ መኪና የቆመበትን ማየት ነው አለኝ። የአገሬው እምነት ነው፤ ሹፌር የሚበላበት ቤት አያሳፍርም ይባላል። የሞያሌው መንገድ ከተማችንን ሰንጥቆ ስለሚያልፍ ተሳቢ የቆመበት ደጅ አላጣንም። ገባን፤ ጥብሱ ቀበቶ ነበር። ሹፌሩን ጠጋ ብዬ «ጋሼ፣ እዚህ የሚቆሙት ለምግቡ ነው?» አልኳቸው። «ተሳቢ የሚያዞር ሰፊ ቦታ ያለው ይሄ ቤት ብቻ ነው» አሉኝ። ይህች አባባል ስንቱን ተጓዥ ጥርሱን እንዳደከመች አስቡት።

ከሁሉ ይልቅ ቁርስ የት እንደሚበላ የሚያውቁት ተማሪዎቹ ናቸው። ዲላ ዩኒቨርሲቲ በ1988 ዓ.ም. የመምህራንና የጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲጀመር ደጁ ላይ ምን ይሸጥ እንደነበር አላየሁም፤ ዛሬ ግን ኦዳያ ግቢ አካባቢ ጠዋት የሚያልፍ ሰው የነን ካፌን ኢኮኖሚ በአፍንጫው ይማራል። ነን ካፌ ማለት የግቢውን ምግብ ትቶ ገንዘቡን የተቀበለ ተማሪ ነው። ወሩ ሲጀምር ስፔሻል ፉል ይላል። አሥራ አምስተኛው ቀን ላይ ተራ ፉል ለሁለት። ወሩ መጨረሻ ላይ አንድ ፓስቲና «ትንሽ ሞቅ ያለ ውኃ»። ያኔ ደግሞ የግቢው ካፌ የሚበላ የልጅነት ጓደኛ እንዳለው ትዝ ይለዋል። እነዚህ ልጆች መስታወት አይመርጡም፤ እንዲያውም ወሩ መጨረሻ ላይ ባይታዩ ይመርጣሉ።

ወዳጄ ቆጮ ያገኘው በሦስተኛው ቀን፣ ያውም ሳንፈልገው ነው። ወደ ወናጎ በኩል አንድ የማውቀው ገበሬ ቤት ጠዋት ደረስን። ባልየው ማሳ ሊወርድ ሲል አገኘነው፤ «ቡና ሳትቀምሱማ አትሄዱም» ብሎ አስቀመጠን። ሚስቱ ወዲያው ዋሳውን፣ ቆጮውን ማለቴ ነው፣ በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ ምጣድ ላይ ጣለችው። ጎመን ነበር፤ ቡናው እዚያው ፊታችን ተቆላ። ወዳጄ ትኩሱን ከጫፉ ቆርሶ ጎመን ጠቅልሎበት ጎረሰ፣ ደገመ፣ ከዚያ ማውራት አቆመ።

እኔስ? እኔ ለቆጮው ይቅርታ ስጠይቅለት ነበር። «እንግዲህ የገጠር ነገር... ያገኙትን ነው» እላለሁ። ሴትየዋም በበኩሏ «ዳቦ እንኳ ሳይኖር መጣችሁብን» እያለች ታዝናለች። እንሰቱ ለዚያ ምጣድ እስኪደርስ ቢያንስ አራት ዓመት ጓሮ ቆሟል። ከዚያ ሴቶቹ ፍቀውት፣ ጉድጓድ ቀብረው አብላልተውት፣ አውጥተው ጨምቀውት፣ ከትፈውት ነው። ዳቦ ቤቱ ሌሊት 10 ሰዓት አቡክቶ ጠዋት 12 ሰዓት ያወጣውን ዳቦ በኩራት እናቀርባለን፤ አራት ዓመት የተለፋበትን በይቅርታ። ሰሜኑም ከዚህ አይሻልም፤ ኮባ ብሎ ቅጠሉን ለድፎ ዳቦ መጋገሪያ ያደርገዋል፣ ሊጡን አስቀምጦ ማሸጊያውን መብላት የደቡብ ነገር ይመስለዋል።

ወዳጄ ሄደ። ከሳምንት በኋላ ደወለ። ቦሌ አንድ ካፌ ገብቶ «ይርጋጨፌ» የሚል ቡና አግኝቶ፣ ለአንዱ ስኒ የከፈለው እኔን በሦስቱ ቀን ካስወጣኝ የሚበልጥ መሆኑን ነገረኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እባክህ፣ ያንን ቆጮ በአውቶቡስ ላክልኝ» አለ። ለምን ድምፁን ዝቅ እንዳደረገ አልጠየቅሁትም፤ እኔም የመለስኩለት ዝቅ ባለ ድምፅ ነበር።

ገበያ ወርጄ ገዛሁ፤ በቅጠሉ እንደተጠቀለለ ሰጡኝ። አስፋልቱን በዚህ መልኩ ይዤው ማቋረጥ ግን አልሆነልኝም። መስታወቱ ትዝ አለኝ። ካፌው ጎራ ብዬ ባዶ የኬክ ካርቶን ለመንኩ፤ አስተናጋጇ ነጭ ካርቶን ሮዝ ጥብጣብ ጨምራ ሰጠችኝ። ከተትኩት፤ አሰርኩት፤ በሁለት እጄ ይዤ እንደ ሙሽራ ሚዜ በኩራት ወደ መናኸሪያ ገሰገስኩ።

ረዳቱ ካርቶኑን ተቀብሎ ወደ ላይ ሊሰቅለው ሲል ቆም አለ። ወደ አፍንጫው አስጠጋው።

«ምንድን ነው?»

«ኬክ ነው። እንዳይጫነው አደራ።»

«ይሄ ኬክማ ቆጮ ቆጮ ይላል» አለና ሳቀ። በሩ ላይ የቆሙት ተሳፋሪዎች ዞር አሉ። ልጁ ግን ካርቶኑን አልሰቀለውም፤ እንደያዘው ቆየ። «ጋሼ፣ እውነቴን ነው፣ ከሌሊት 10 ሰዓት ጀምሮ ቆሜያለሁ፣ እህል አልቀመስኩም። ትንሽ አይቆርሱልኝም?»

ጥብጣቡን ፈታሁለት።