የዝርዝሩ ጀግና

የሳይንስ ልቦለድ ማንበብ ማንም የሚችለው ሥራ ነው፤ ፊደል የቆጠረ ሁሉ ያነበዋል። ተሰጥኦ የሚጠይቀው ቀጥሎ የሚነበበውን መምረጥ ነው። በዚህ በኩል ደግሞ አዲስ አበባ ሊቅ ቸግሯት አያውቅም።

ሊቁን ለመለየት ብዙ አያደክምም። እጁ ላይ የተገለጠ መጽሐፍ አይታይም፤ ስልኩ ውስጥ ግን ዝርዝር አለ። ከቴሌግራም ያወረደው ፒዲኤፍ ስልኩን ሲያጣብብበት የእህቱን የሠርግ ቪዲዮ አጥፍቶ ለአሲሞቭ ልቦለድ ቦታ ለቅቋል። አሲሞቭ እስካሁን አልተከፈተም። ቢከፈትማ ምርጫው አበቃ ማለት ነው፤ እንዲህ ያለውን ጥበብ በንባብ ማቋረጥ ደግሞ ነውር ነው።

የሊቁ የመጀመሪያ መርሕ «ሽልማት አይዋሽም» የሚል ነው። ከ1953 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሰጠው የሳይንስ ልቦለድ ሽልማት ሁጎ ካጸደቀው በኋላ ምን ክርክር ያሻል? እርግጥ በ1955 ያሸነፈው የማርክ ክሊፍተንና የፍራንክ ራይሊ ልቦለድ ከተሸላሚዎቹ ሁሉ ደካማው እየተባለ እስከ ዛሬ ይታማል። በ2023 ቻይና፣ ቼንግዱ ላይ በተሰጠው ሁጎ ደግሞ የአር. ኤፍ. ኩዋንግ «ባቤል» ለእጩነት የሚያበቃ ድምፅ አግኝቶ ሳለ በቂ ምክንያት ሳይሰጥ «ብቁ አይደለም» ተባለ። ያው መጽሐፍ በዚያው ዓመት ሌላውን ሽልማት፣ ኔቡላን ወሰደ። ሊቁ አልተደናገጠም፤ ከአንዱ ዝርዝር ሰርዞ በሌላው መዘገበው። ለዚህ ገጽ መግለጥ አላስፈለገውም።

አንዳንዴ ለስብሰባ ወደ ሰመራ ይወርዳል። አዋሽን አልፎ ሙቀቱ ሲበረታ የአውቶቡሱን መጋረጃ ዘግቶ ስለ በረሃ ፕላኔት ያስባል፤ የፍራንክ ኸርበርት «ዱን» የዝርዝሩ ቁንጮ ነው። ይህን መጽሐፍ ከ20 በላይ አሳታሚዎች መልሰውታል። በመጨረሻ በ1965 ያሳተመው በመኪና ጥገና መመሪያዎቹ የሚታወቀው ቺልተን ነበር። ያኔ ቢሆን ሊቁ በዚህ ድርጅት ስም የወጣ ልቦለድ በዱላም አይነካውም። በዚያው መንገድ ላይ ባለችው በገዋኔ የጅቡቲ ተሳቢዎችን ጎማ የሚለጥፈው ጎሚስታ ሳይቀድመው አይቀርም ነበር።

አውቶቡሱ ገዋኔ ላይ ለምሳ ሲቆም መጋረጃውን ገለጥ ቢያደርግ፣ በመንገዱ ዳር እሾሃም አረንጓዴ ጫካ ተደቅኖ ያያል። ፕሮሶፒስ ነው፤ ትውልዱ መካከለኛውና ደቡብ አሜሪካ። በ1970ዎቹና በ80ዎቹ በረሃማነትን ይገታል፣ ማገዶም ይሆናል ተብሎ በሰው እጅ ወደ አዋሽ ሸለቆ ገባ። ፍየልና ግመል ጣፋጭ ፍሬውን እየበሉ ዘሩን ከነበጠጣቸው በየደረሱበት በተኑት። ዛሬ በአፋር ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ እንደወረረ ይገመታል፤ ሣሩን አጥፍቷል፣ ከብቱን ከወንዙ ዳር አግዷል፣ እሾሁ ጎማም አይመርጥ ኮቴም። ጆን ዊንደም በ1951 ባሳተመው «የትሪፊዶች ቀን» ሰዎች ለዘይታቸው ሲሉ ራሳቸው ያራቧቸው ተክሎች ምድሪቱን ሲወርሷት ይታያሉ። ኤች. ጂ. ዌልስም በ1898 በወጣው «የዓለማት ጦርነት» ከማርስ የመጣ ቀይ አረም ቴምዝን ሲያንቀው አሳይቷል። የዌልስን አረም ባክቴሪያ ጨረሰው። የገዋኔ አርብቶ አደር ግን አንዱንም ሳያነብ ቀጣዩን ክፍል ይኖረዋል። ሊቁ ሁለቱንም «ጊዜ ያለፈባቸው» ብሎ ትቷቸዋል፤ ምሳውን የበላውም ለጫካው ጀርባውን ሰጥቶ ነው።

የአርተር ክላርክን «2001» ግን አልናቀውም። በ1968 የወጣው ይህ ልቦለድ የሚጀምረው አፍሪካ ውስጥ ነው፤ የጥንት ሰው መሰሎች ከሌላ ዓለም በመጣ ብርሃን አሳላፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ እየተመሩ መሣሪያ መያዝ ይማራሉ። እዚያው ገዋኔ አካባቢ ቡሪ ላይ 2.5 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠሩ፣ በድንጋይ ስለት የተበለቱ የእንስሳት አጥንቶች ተገኝተዋል። ግኝቱ በ1999 ይፋ ሆኗል። ግኝቱ ግን ሽልማት ስላላገኘ ዝርዝሩ ውስጥ የለም።

«በአማርኛማ ሳይንስ ልቦለድ የለም» ሲልም ፍርዱን ይሰጣል። ይስማዕከ ወርቁ በ2001 ዓ.ም. ያወጣው «ዴርቶጋዳ» ሳይንስን ከስለላ ቀላቅሎ ደጋግሞ መታተሙ ሲነሳለት ፊቱን ያጨማድዳል፤ «ንጹሕ አይደለም» ይላል፤ ንጽሕናው የሚለካው በምን እንደሆነ ግን ተናግሮ አያውቅም። ኢትዮጵያ ውስጥ ተቀርጾ በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣውን፣ ዳንኤል ታደሰ የተወነበትን «ክራምብስ» ፊልም ግን ወዲያው ተቀብሏል። ዳይሬክተሩ ስፔናዊ ነው።

የናይጄሪያ ዝርያ ያላት አሜሪካዊት ኔዲ ኦኮራፎር የጻፈችው «ቢንቲ» ሁጎንም ኔቡላንም ወስዷል፤ ስለዚህ በዝርዝሩ ላይ አለ። ባለታሪኳ ከናሚቢያ አርብቶ አደሮች ከሂምባዎች የተወለደች፣ ከቤተሰቧ ተደብቃ በጠፈር መርከብ ወደ ዩኒቨርሲቲ የምትጓዝ ልጅ ናት። ገዋኔ የግብርና ኮሌጅ ያላት ከተማ ናት፤ ከአርብቶ አደር ቤት ወጥቶ ዶርም የገባ ተማሪ ይህችን ልጅ ለማወቅ አስተዋዋቂ አያሻውም። ሊቁን የከነከነው ሌላ ነው፤ መጽሐፉ መቶ ገጽ ገደማ ብቻ ነው። ይህን ያህል አጭር ነገር አለማንበብ ሰበብ ያሳጣል። ስለዚህ ወደ ታች አወረደው፤ ሃያ ቅጽ ያለውን ተከታታይ ድርሰት አናት ላይ ሰቀለው፤ እሱን አልጨረስኩም ቢል የሚታዘበው የለም።

ይህ ሁሉ ድካም ያለ ሽልማት መቅረት የለበትም። ለደራሲው ሁጎ ካለ ለመራጩም አንድ ዋንጫ ይገባዋል፤ አሸናፊውንም መራጮቹ ራሳቸው ይሰይሙት። የእጩዎቹ ዝርዝር በአንድ ቀን ይጠናቀቃል፤ በዚህ ማንም አያማቸውም። ከዝርዝሩ አንዱን አንሥቶ ወደ መድረክ የሚጠራ ሰው ግን ከውጭ መቅጠር ሳያስፈልግ አይቀርም።