ትኩረት ተሰጥቶታል

ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለተቀመጠች የቴኒስ ኳስ እዚህ ሌላ አመል ታወጣለች። አየሩ ሳሳ ስለሚል የሚይዛት የለም፤ ትፈጥናለች፣ ትርቃለች። ዓለም አቀፉ የቴኒስ ፌዴሬሽን ከ1,219 ሜትር በላይ ላሉ ሜዳዎች የተለየ ኳስ የፈቀደው በዚሁ ምክንያት ነው። እኛ ዘንድ የምትደርሰው ግን የቆላዋ ኳስ ናት። እናም እዚህ ጥሩ ሆኖ የተመታ ሁሉ ወደ ውጭ ይወጣል። ለአገሬው የሚቀረው መረቡ ሥር የወደቀው ነው። እሱንም ቆልተን፣ ይቅርታ፣ ለቅመን እንጫወትበታለን።

አሁን ወደ አንድ ወዳጃችን ልምጣ። ስሙን አልጠራም። ጅማ ውስጥ የሚያውቀው ያውቀዋል፤ የማያውቀውም አጋሮ ላይ ወንድሙን፣ ሊሙ ገነት ላይ የአጎቱን ልጅ አያጣም። አማተር ነው፤ ከጀመረ ግን ቆይቷል። ሜዳ ሲገባ መጀመሪያ ንግግር ያደርጋል፦ «ለኳሷ ልዩ ትኩረት ሰጥተን እየሠራን እንገኛለን።» ብቻውን ቢጫወትም «እኛ» ነው የሚለው። ይህን ተናግሮ ሳይጨርስ ኳሷ በጆሮ ግንዱ በኩል ታልፋለች። ለቀጣዩም ትኩረት ይሰጣል፤ ቀጣዩም ያልፋል። የትኩረት ችግር አለበት ብለው የሚያሙት ተሳስተዋል። እንደሱ ትኩረት የሚሰጥ ሰው አላየሁም፤ ሰጥቶ ሰጥቶ ለራሱ አላስቀረም እንጂ።

ራኬቱ የውርስ ነው። ከእሱ በፊት የነበረው ተጫዋች አወረሰው፣ ለዚያኛውም ሌላ። እያንዳንዱ ሲረከብ እጀታው ላይ አዲስ ጨርቅ ይጠቀልላል፣ ጠርዙን በወቅቱ ቀለም ይቀባል፣ ፎቶ ይነሳል። እጀታው ከመጠቅለል ብዛት ወፍሮ አንድ ሰው አይጨብጠውም፤ ስለዚህ ብዙ ሆነው ይጨብጡታል። ጅማቱን ግን የነካው የለም። ደገኛው ጅማት ከከብት አንጀት የሚሠራ ነው፤ ጠላቱም እርጥበት ነው። የአገሩን ዝናብ እያወቃችሁ፣ እዚህ አንጀት እንዴት ጠብቆ ይኖራል? ይላላል። ጅማቱ የላላ ራኬት ደግሞ ደካማ እንዳይመስላችሁ፤ ኳሷን ከጠበቀው ይልቅ በኃይል ያስፈነጥራል። የሚያጣው መቆጣጠሩን ነው። ወዳጃችን አንድ ጊዜ ሲመታ ኳሷ ተመልካች ግንባር ላይ አረፈች። ተመልካቹ «ሜዳውን በማወክ» ተብሎ ወጣ።

ከጎማ በኩል የመጡ አንድ አዛውንት ይህን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጄ፣ እኛ ቡናው ሲያረጅ ከጉልበት በታች እንጎነድለዋለን። መልኮ ያሉት የምርምር ሰዎችም ይህንኑ ነው የሚመክሩን። ጥቂት ዓመት ይርበናል፣ ከጉቶው ግን ቀንበጥ ይወጣል። ቅጠሉን አረንጓዴ ቀብቶ ፍሬ የለቀመ ሰው አላየሁም።»

«አባባ፣ እርስዎ ያነሱት ገንቢ አስተያየት ነው፤ በትኩረት እናየዋለን» አላቸው። ኳሷ አለፈች።

ስለ ኳሷም ትንሽ ልበል። ቆርቆሮዋ ከተከፈተ ጀምሮ ውስጧ የታመቀው አየር እየሾለከ ይወጣል። በትልልቅ ውድድሮች ከመጀመሪያዎቹ 7 ጌሞች በኋላ፣ ከዚያም በየ9 ጌሙ ኳስ ይለወጣል። የእኛዋ ፀጉሯ ረግፎ፣ ትንፋሿ አልቆ፣ መሬት ስትነካ ባለችበት ትቀራለች። «ሰላማዊ ናት» ይሏታል።

ከአጥሩ ማዶ ቡና ስለሆነ የወጣችውን ልጆች ይለቅሟታል። የለቃሚ ወገብ ይጎብጣል እንጂ ስሙ ነጥብ መያዣው ላይ አይሰፍርም። ከለቃሚ ሰብሳቢ ይረከባታል፣ ከሰብሳቢ አቅራቢ፣ መሀል ላይ ደላላ፤ ሁሉም ሲያቀብል ከፀጉሯ ጥቂት ይነጫል። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ምርት ገበያ ኳስ ቢያገበያይ ኖሮ ከብጤዎቿ ጋር በአንድ ጆንያ ከትቶ «ጅማ 5» ይላት ነበር፤ የጌራ ትሁን የጮጬ ማን ይጠይቃታል? ልጆቹ ወዳጃችንን «ጋሼ፣ የለቀምንበትስ?» ሲሉት ጭንቅላታቸውን ይዳብሳል። በዓል ሲሆን ሁለቴ ይዳብሳል።

ዳኛው ባለሦስት እግሯ የጅማ በርጩማ ላይ ይቀመጣል፤ በርጩማዋን የገዛለት ወዳጃችን ነው። መስመሩ በኖራ ይሰመራል፣ ማታ ዝናብ ያጥበዋል፣ ጠዋት እንደገና ይሰመራል። ወዳጃችን ትናንት ኳሷን የጣለበት ቦታ ዛሬ ከመስመሩ ውስጥ ሆኖ ይገኛል። መስመር የሳተ ተብሎ የሚጠራው ምን ጊዜም ተጋጣሚው ነው። ሽንፈቱ ሲበዛበት ደግሞ ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ያነሳውን የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ ይጠቅሳል። የእግር ኳስ ነው ብሎ የሚያርመው የለም።

ሰሞኑን «የግብዓት እጥረቱን የሚፈታ ግዥ ጸድቋል» ተባለና ሁሉም ጅማት ይመጣል ብሎ ጠበቀ። የመጣው ነጥብ መያዣ ሰሌዳ ነው፤ ግዙፍ፣ በአጋሮ መንገድ የሚያልፍ ሁሉ የሚያነበው። የወዳጃችን ስምና ነጥብ ከፋብሪካው ታትሞ መጥቷል። በተጋጣሚው በኩል «እንደ አስፈላጊነቱ ይሞላል» ይላል።