ምሳ የት በላችሁ?

የአክስቴ ልጅ ከዋሽንግተን በመጣች ማግስት ቤተል ያለው ቤታችን በእንኳን ደህና መጣሽ ባይ ተሞላ። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፤ "መንገዱ እንዴት ነበር?" መልሱም አንድ ነው፤ "ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን።" የምሩን መተረክ የጀመረ መንገደኛ ቡና ያስቀዘቅዛል።

ጎረቤታችን ጋሼ ግን ትረካውን ፈለጉ። ዕድሜያቸውን በአሰብ መንገድ ከባድ መኪና ከነተሳቢው ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው።

"ስንት ኪሎ ሜትር ነው?"

"11,500 ያህል" አልኩ ስልኬን አይቼ።

ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አካፈሉ። "አሥራ ሦስት አሰብ! በስንት ቀን?"

"በ13 ሰዓት፣ ጋሼ" አለች።

"አንድ አሰብ በሰዓት?" ስኒያቸውን አስቀመጡ። 880 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጣርማ በር፣ ኮምቦልቻ፣ ሚሌ፣ ያ ሁሉ ሐሩር፣ በአንድ ሰዓት!

ስትሄድ ደብሊን ላይ አርፈው ነዳጅ እንደሞሉ፣ ስትመለስ ግን አውሮፕላኑ የትም ሳያርፍ እንደመጣ ነገረቻቸው። ላስረዳ ጉሮሮዬን ስጠርግ ቀደሙኝ። "ቦሌ ደጋ ነዋ! አየሩ ስስ ነው። ሙሉ ታንክ ይዞ ደጋ ላይ የሚነሣ ሞተር ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ጣርማ በርን ከነጭነቱ የወጣ ያውቀዋል።" ትክክል ናቸው። ቦሌ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ የዋሽንግተኑ ዳለስ 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። ለእኔ የተረፈችኝ ወደ ምዕራብ ሲበሩ ነፋሱ ከፊት መሆኑን መጨመር ብቻ ነበረች። እሷንም አልሰሙኝም።

"ምሳ የት በላችሁ?"

"አውሮፕላን ውስጥ ነዋ።"

"እሱማ ገባኝ። የትኛው አገር ላይ?"

ልጅቷ አታውቅም፤ መስኮቱ ተዘግቶ ነበር። ጋሼ አዘኑላት። ደብረ ሲና ቆሎ ሳይገዙ፣ ኮምቦልቻ ሳያድሩ፣ አሥራ ሦስት አሰብ!

"ከጎንሽስ ማን ነበር?"

"አንድ ሰውዬ።"

"የማን ልጅ?"

"አልጠየቅኩትም፣ ጋሼ። ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ ነበር።"

እዚህ ላይ ተቆጡ። "ማንዴላ እንኳ" አሉ፣ እጃቸውን ወደ ኮልፌ ፈጥኖ ደራሽ እያመለከቱ፣ "እዚህ የሠለጠነው ማንዴላ አብራሪውን ልብ ብሎ አይቷል!" እውነት ነው። በ1954 ዓ.ም. ከካርቱም ወደ አዲስ አበባ ሲሳፈር አብራሪው ጥቁር መሆኑን አይቶ መደንገጡን ራሱ ጽፏል።

ነገሩ አልለቀቀኝም። ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፎ አንቀላፍቶ፣ የአንዱ ክርን የሌላውን ጎን ሲወጋ አድሮ፣ ስም ሳይጠያየቁ መለያየት ጨዋነት የሆነው ከመቼ ጀምሮ ነው? ሰው አለመረበሽ ጥሩ ነው፤ እኔም ስተኛ የሚቀሰቅሰኝን አልወድም። ግን የጋሼ ረዳት መንገድ ላይ ያሳፈሩትን ሰው ሁሉ ከየት እንደመጣና ማን እንደሞተበት ሳይጠይቅ ሒሳብ አይቀበልም ነበር አሉ።

በማግስቱ ከጦር ኃይሎች በሚኒባስ ስመለስ ልሞክረው አሰብኩ። አጠገቤ ያለውን ጎልማሳ ስሙንና የሚሠራበትን ቦታ ጠየቅኩት። ከአንድ ጆሮው ማዳመጫውን ነቀለና ከላይ እስከ ታች አየኝ።

"ከገቢዎች ነህ?" አለኝ።