«ትንሽ ይጠብቁ» በካልዒት ሲመነዘር

የዘንድሮ ልጅ ሁሉን ነገር ወደ ሰከንድ ካልመነዘረ እንቅልፍ አይወስደውም። 75 ዓመቴን ብነግረው የልጅ ልጄ ስልኩን ነካ ነካ አደረገና «አባባ፣ እርስዎ እኮ 2 ቢሊዮን ከ366 ሚሊዮን ሰከንድ ገደማ ኖረዋል» አይለኝም! መረቀኝ ወይስ ሰደበኝ? ይህ ሁሉ ብር ቢሆን ኖሮ የጡረታ ሰልፍ ላይ ምን አቆመኝ!

ደግሞስ የጊዜ መለኪያ መሰላላቸው ምኑ ይያዛል? 60 ሰከንድ ደቂቃ፣ 60 ደቂቃ ሰዓት ብለህ ስትወጣ ድንገት 24 ይሆናል፤ ከዚያ 7፤ ወሩ አንዴ 30፣ አንዴ 31፣ ፌብሩዋሪ የሚሉት ደግሞ 28፣ ሲያሻው 29። ቁልቁል ልውረድ ስትል ስልሳው ይቀርና በሺህ መክፈል ይመጣል፦ ሚሊሰከንድ፣ ማይክሮሰከንድ፣ ናኖሰከንድ። እርከኑ እንዲህ የተዘበራረቀ መሰላል ጎተራዬ ላይ ቢደገፍ ፈልጬ ነበር የማነደው።

የአባቶቻችን የዘመን አቆጣጠር ስሌት፣ ባሕረ ሐሳብ፣ ግን ከዕለት በታች 60 ካለ 60 ነው። ዕለቱ 60 ኬክሮስ፣ ኬክሮሱ 60 ካልዒት፣ ካልዒቱ 60 ሣልሲት እያለ በራብዒትና በኃምሲት አልፎ ሳድሲት ላይ ይቆማል። አንድ ቀን 46 ቢሊዮን ከ656 ሚሊዮን ሳድሲት ነው! ይህን ያሰቡት ሊቃውንት ክንዳቸው ላይ ሰዓት አላሰሩም። ሽቅብ ሲወጡም የጨረቃን የ19 ዓመት ዑደት በፀሐይ 28 ዓመት አባዝተው 532 ዓመት የሚዞረውን ዐቢይ ቀመር አበጁ።

ትልቁን ከትንሹ እንዴት እንዳገናኙት ልብ በሉልኝ። ዓመቱ 365 ቀን ከ15 ኬክሮስ ከ6 ካልዒት ነው። 15ቱ ኬክሮስ በአራት ዓመት ተጠራቅሞ ጳጉሜን 6 ያደርጋታል። 6ቱ ካልዒት በዛሬ ሰዓት 2 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ ብትሆን ነው፤ እሷም ሳትጣል ተቀምጣ በ600 ዓመት አንድ ቀን ትሞላለች። ሁለት ደቂቃን 600 ዓመት የሚጠብቅ ባለአደራ ዛሬ ከየት ይገኛል?

ሰሞኑን ለጡረታዬ ጉዳይ አንድ ቢሮ ብሄድ፣ ናኖሰከንድ የሚቆጥር ኮምፒዩተር የተገተረበት ጠረጴዛ ላይ ያለችው ልጅ «አባቴ፣ ትንሽ ይጠብቁ» አለችኝ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ጠበቅኩ። ከዚያ «ሲስተም የለም፣ ነገ ይመለሱ።» ቁጭ ብዬ መነዘርኩት፦ 7 ኬክሮስ ተኩል፣ ማለት 450 ካልዒት። በዓመት 6 ካልዒት እየተባለ ዕድሜዬን ሙሉ፣ 75 ዓመት የተጠራቀመው በአንድ ጠዋት ተበላ!

እናንተ ወንበር ላይ ያላችሁ ልጆች፣ ሳድሲቱም ናኖሰከንዱም ይቅርብን። ቀጠሮውን በሰዓት ንገሩን፤ በሰዓቱም ተገኙ።