ስለ ካያክ፣ ስለ ታንኳና ስለ ባሕር ሙላት የወጣ የፌዝ አዋጅ

አዋጅ! አዋጅ! ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

በሰው አገር ፈረንጁ ካያክ ላይ ተቀምጦ፣ ባሕር በሚሞላበትና በሚጎድልበት ሰርጥ በመርከብ መካከል ሲሹለከለክ ውሎ ማታ ቤቱ ሲገባ እኛ ዝም ብለን ማየታችን ክብራችንን የሚነካ ሆኖ ስለተገኘ፤ ደብረ ማርቆስም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ብላ መቀመጧ ባሕርን ቁልቁል ለመቆጣጠር ስለሚያመች፤ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፦ አዋጁ የሚጸናው አባይ ከጣና በሚወጣበት አፍ ላይ ነው። ቦታው ከደብረ ማርቆስ 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ርቀት ግን መመሪያ ከማውጣት አግዶን አያውቅም።

አንቀጽ 2፦ በሌላው ዓለም ባሕሩን የምትሞላውና የምታጎድለው ጨረቃ ናት። በጣና ይህ ሥልጣን ከጨረቃ ተነሥቶ ለጨራጨራ ግድብ በሮች ተሰጥቷል። የጣና በለስ የኤሌክትሪክ ማመንጫ በ2002 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ደግሞ ብዙው ውኃ በ12 ኪሎ ሜትር ዋሻ ወደ በለስ ስለሚነጉድ፣ ቀዛፊ ከመነሣቱ በፊት አዲስ አበባ ስንት የኤሌክትሪክ ምጣድ እንደተጣደ ይጠይቅ።

አንቀጽ 3፦ በውኃው ላይ የማለፍ ተራ ይህ ነው፤ መጀመሪያ ጉማሬ ያልፋል። መንጃ ፈቃድ አይጠየቅም፤ ለጠየቀው ተቆጣጣሪ ጽሕፈት ቤታችን ኃላፊነት አይወስድም። ቀጥሎ ከዘጌ እንጨት ጭኖ ወደ ባሕር ዳር ገበያ የሚመጣ ታንኳ ያልፋል። የጣና ዳር ወይጦዎች ከደንገል እየሠሩ የኖሩት ይህ ታንኳ ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ባለቤቱ ከውኃ አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያደርቀዋል። ዓመታዊ ቦሎ ሊለጠፍበት ታስቦ ነበር፤ ዓመቱ ሳይሞላ ታንኳው ስለሚያልቅ ሐሳቡ ቀርቷል። ከዚያ ወደ ገዳማቱ ጎብኚ የሚያመላልሰው ሞተር ጀልባ፤ እዚህ ማዕበል የሚባለውም የእሱ ሥራ ነው። በመጨረሻ ካያክ። ሴት ቀዛፊ በክብራን ገብርኤል ገዳም አጠገብ ማለፍ ትችላለች፤ ደሴቱን መርገጥ ግን ይህ አዋጅ ሳይወለድ የተከለከለ ነው።

አንቀጽ 4፦ እንቦጭ የተባለው አረም ጣና ላይ መስፈሩ እ.ኤ.አ. በ2011 ከታወቀ ጀምሮ ያለ መታወቂያ፣ ያለ ግብር ይኖራል። በእጅ ተነቀለ፣ በማሽን ታጨደ፤ ተመልሶ መጣ። ስለዚህ በሰባት ቀን ውስጥ በጽሑፍ መልስ እንዲሰጥ ታዟል።

አንቀጽ 5፦ አርነ ሩቢን የተባለ ስዊድናዊ እ.ኤ.አ. በ1965 ከደጀን በታች ካለው የአባይ ድልድይ ብቻውን በካያክ ተነሥቶ ሱዳን መግባቱ ተደርሶበታል። ክሊራንስ አላሳየም። ይሁን እንጂ የጎጃም አፈር በየክረምቱ በዚያው መንገድ ያለ ክሊራንስ ሲወርድ ስለኖረ፣ ፈረንጁን ለይቶ መክሰስ አድልዎ ይሆናል። ፋይሉ ተዘግቷል።

አንቀጽ 6፦ አዋጁን የሚያስፈጽም ኮሚቴ ተቋቁሟል። አባላቱ ዋና ስለማይችሉ ቁጥጥሩን ከዳር ሆነው ያካሂዳሉ፤ አበላቸው ግን ውኃ ላይ እንደዋሉ ይታሰባል።