የወንድ ልጅ ስም አወጣጥ በወሎ

በደጎሎና በመካነ ሰላም አካባቢ ወንድ ልጅ ሲወለድ አባት የማይደገም ስም ይሻል፤ አያት ግን መሐመድ፣ ሰይድ ወይም ይመር ቢባል ምን ይጎድለዋል ባይ ናቸው። ክርስቲያኑ እስከ 40ኛው ቀን፣ እስላሙ በልማድ እስከ 7ኛው ቀን መከራከሪያ ጊዜ አለው። የቤተሰብ ስም ስለሌለ፣ መምህር «መሐመድ አሊ» ብሎ ሲጠራ ሦስት ልጅ «አቤት» ካለ የአያት ስም ይገላግላል፤ አያቶቹም ሁሉ ሰይድ ከሆኑ፣ አላህ ይርዳው። ይህን የሸሸ የከተማ ወላጅ ናትናኤልን ይመርጣል፤ ጎረቤቱም እንዲሁ። የወሎው ገዥ መሐመድ አሊ ከ1870ው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ተጠምቀው ሚካኤል ሲባሉ ግን የስሙ መብዛት አላሳሰበም፤ የክርስትና አባታቸው ዐፄ ዮሐንስ ነበሩና።